ልጁ «ቤተ ክርስቲያን ባልሄድም ጥሩ ሰው ነኝ» ሲል ምን ይደረጋል?

ቅዳሜ ሹር ነው። ቄጠማው ታስሯል። እናቴ ከሐሙስ ማታ ጀምራ እህል አልቀመሰችም፣ አክፍላለች። ዶሮው እየተበለተ ነው፣ ጠላው ደርሷል፣ ቤቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ታናሽ ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እናቴ ሳታስበው «ነጠላህን አጥቤልሃለሁ፣ ማታ ትለብሰዋለህ» አለችው። እሱም ስልኩን እያየ «እማዬ እኔ አልሄድም። ሃይማኖት ባይኖረኝም ጥሩ ሰው ነኝ» አላት።

የቢላዋው ድምፅ ቆመ።

እኔ ምን አደረግሁ? ጮህኩ። «ጥሩ ሰው ብትሆን እናትህን በዚህ ቀን እንዲህ ታደርጋት ነበር?» አልኩት። እሱ መለሰልኝ፣ እኔ ጨመርኩበት፣ አጎቴ ደግሞ ነገሩን ሳይሰማ ከውጭ ገብቶ «ምነው፣ ማን ሞተ?» አለ። በፋሲካ ማግስት ወንድሜ የመጀመሪያዋን መኪና ይዞ ከቢቸና ወጣ። ለእናቴ ይደውላል። ለኔ ግን እስክንታረቅ ድረስ ሰባት ወር ሙሉ አልደወለም።

ስለዚህ ይሄን የሚጽፍላችሁ ሰው ነገሩን አንዴ አበላሽቶ ያየ ነው። የምጽፈው በተለይ ለታላላቆች ነው፤ ለአባት፣ ለእናት፣ ለታላቅ ወንድምና እህት። «አንተ» እያልኩ ነው የምሄደው፣ እናቶችና እህቶች ለራሳችሁ አዙራችሁ አንብቡት። ሞጣ ላይ ሆኖ ልጁ ለዒድ ሶላት አልወጣም ያለው ሙስሊም አባትም ቢያነበው ብዙ የሚቀየር ነገር የለውም።

እዚያው መልስ አትስጥ

እናት ባለችበት፣ ጎረቤት ጠላ ይዞ በተቀመጠበት መልስ ከሰጠህ የምትናገረው ለልጁ ሳይሆን ለተመልካቹ ነው። ልጁም እንደዚያው ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሁለታችሁም ቃላችሁን ማጠፍ ያቅታችኋል። በዚያች ሰዓት የምትለው «እሺ፣ ሰማሁህ፤ ነገ ስንወጣ አጫውተኝ» ብቻ ነው። ለእናትህ ደግሞ ቀስ ብለህ «ተይው እማዬ፣ እኔ አዋራዋለሁ» በላት። አትዋሽላት ግን። «ቀልዱን ነው» ካልካት ነገ ሁለታችሁንም አታምንም።

በማግስቱ በእግር ውሰደው። ገበያም ይሁን፣ አክስት ጥየቃም ይሁን፣ ከብት መመለስም ይሁን። ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት ችሎት ይመስላል። ጎን ለጎን ሲሄዱ ዝም ማለትም ይቻላል። በቴሌግራም አትሞክረው። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ የላክሁለትን የስብከት ቪዲዮ እስከ ዛሬ አልከፈተውም።

የሚለውን ለይተህ ስማ

«ሃይማኖት ባይኖረኝም ጥሩ ሰው ነኝ» ስትሰማው አንድ ነገር ይመስላል። ውስጡ ግን ሦስት ጥያቄ ተጠቅልሏል። የማያምን ሰው ጥሩ ሥራ መሥራት ይችላል ወይ? ክፉና ደጉን ከየት ነው ያወቅነው? ማንም የማያይ ከሆነና የሚቀጣም ከሌለ ሰው ለምን ብሎ ደግ ይሆናል?

ልጁ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው። እናት የምትሰማው ሦስተኛውን ነው። «እግዜርን ካልፈራ ነገ ይዋሻል፣ ይሰርቃል፣ ስሸመግል አይጦረኝም» የሚለውን ነው የምትሰማው። አትፍረድባት፣ ቋንቋችንም እንደዚያ ነው የሠራት። ክፉ ሰውን «እግዜርን የማይፈራ» እንለዋለን። የሚታመነው «ማተብ ያለው» ነው፣ ከዳተኛው «ማተበ ቢስ» ነው። «አረመኔ» በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ጣዖት አምላኪ ማለት ነበር፤ ዛሬ ጨካኝ ማለት ነው። ሌሊት ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ሲጮህ «የክርስቲያን ያለህ!» ነው የሚለው፣ ሲጮህ የሚፈልገው ጸሎት አይደለም፣ ውኃ የያዘ ሰው ነው። እንግዲህ በዚህ ቋንቋ ያደገች እናት «ሃይማኖት የለኝም» ስትባል የሚሰማት «ሰው አይደለሁም» ነው። ይሄን ለልጁ አስረዳው። ወንድሜ ይሄን ስነግረው ነው መጀመሪያ ዝም ያለው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ቶሎ ጨርሰው። «አዎ፣ ይችላል» በለው። ማተብ የሌለው ደግ ሰው ሁላችንም አይተናል። በኛ በኩል መንገድ ሲሠራ አንድ ቻይናዊ ሾፌር ምጥ የያዛትን ሴት ከነቃሬዛዋ ጭኖ ጤና ጣቢያ አድርሷል፣ የተሸከሟት ሰዎች ዛሬም ያነሱታል። እዚህ ላይ ከተከራከርክ ትሸነፋለህ፣ ደግሞም መሸነፍ አለብህ።

ሁለት ጆንያ

ሁለተኛው ጥያቄ ነው ጊዜ የሚፈልገው። እንዲህ አድርግ። በሐሳባችሁ ሁለት ጆንያ ክፈቱ። ከዚያ «አይደረግም» የሚባለውን ነገር ሁሉ እያነሳችሁ ወደ አንዱ ጨምሩ። ለእያንዳንዱ ነገር የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይሄ በመጽሐፍ ባይከለከል፣ ቄሱም ቢፈቅድ፣ ጥሩ ይሆን ነበር?»

ረቡዕ ቀን እንቁላል መብላት? ባይከለከል ምንም አይደለም፤ እንቁላሉን በመብላትህ የተጎዳ ሰው የለም። ጫማ አድርጎ መቅደስ መግባት? እሱም እንደዚያው። አሁን ደግሞ ጎረቤትህ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ወሰኑን ሁለት ትልም ገፍተህ አረስክ እንበል። ቄሱ ቢፈቅድስ? አደራ የተሰጠህን ብር «አልተቀበልኩም» ብትልስ? በርበሬ ላይ የተፈጨ ሸክላ ብትቀላቅልስ? እዚህ ላይ የአምስት ዓመት ልጅም «አይሆንም» ይልሃል።

ቀልዴን አይደለም። ላሪ ኑቺ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የያዙ ቤተሰቦች ልጆችን፣ አሚሽ ሜኖናይት ክርስቲያኖችንም ኦርቶዶክስ አይሁዶችንም፣ እንዲህ እያለ ጠይቋል። እሁድ መሥራት በመጽሐፍ ባይከለከል ችግር አለው? የአሚሾቹ ልጆች የለውም አሉ። እግዚአብሔር ስረቁ ብሎ ቢያዝ ግን መስረቅ ትክክል ይሆናል? አብዛኞቹ ልጆች አይሆንም አሉ። ጥናቱ የታተመው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ጥያቄው ግን ከዚያ በጣም ያረጀ ነው። ሶቅራጥስ አቴና ውስጥ አባቱን ሊከስ የሚሄድ አንድ ሰው አግኝቶ ይችኑ ነው የጠየቀው። አማልክት የሚወዱት ነገሩ መልካም ስለሆነ ነው ወይስ እነሱ ስለወደዱት ነው መልካም የሆነው? ሰውዬው መልስ ሲያጣ «ቸኩያለሁ» ብሎ ሄደ።

አጎቴ ይሄን ስነግረው «የፈረንጅ ጣጣ» አለኝ። እሱን ተወው።

ጆንያዎቹን ስትሞሉ ግን ተጠንቀቅ፤ ልጁ የሥርዓቱን ጆንያ ገለባ ነው ብሎ ሊደፋው ይፈልጋል። እዚህ ላይ ያዘው። ጫማ ማውለቅ ማንንም ከጉዳት አያድንም፣ እውነት ነው። ግን ሰርግ ላይ ለሽማግሌ መነሳትም ማንንም ከሞት አያድንም። ሥርዓት ሰውን ሌላ ነገር ያስለምደዋል። ለሥርዓት ብሎ ሆዱን እምቢ ማለት የለመደ ሰው ለገንዘብም እምቢ ለማለት ትንሽ ሊቀለው ይችላል። «ሊቀለው ይችላል» ነው ያልኩት። ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾሞ ለፋሲካ ዋዜማ ቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር ቀላቅሎ የሚሸጥም አለ። እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የገዛነውም እኛው ነን።

ከየኔታ ጋር አገናኘው

ጎጃም ውስጥ ነን እኮ። ዋሸራ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ ያሉበት አገር ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ማግኘት እዚህ እንደ ሌላው አገር አያስቸግርም፣ ቅኔ የተማረ ሰው ደግሞ ጥያቄ አያስደነግጠውም። ሥራው ሰምና ወርቅ ነው፣ አንድን ቃል ሁለት ቦታ ማየት ለምዷል። ስለዚህ ሰባኪ ከመፈለግህ በፊት የቅኔ መምህር ፈልግ። ስትሄድም «ገሥጹልኝ» አትበል። «ያነጋግሩልኝ» በል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ገሥጹልኝ ካልክ መምህሩም ሳይወድ ዱላ ያነሳል፣ ልጁም ከደጃፉ ጀምሮ ጆሮውን ይዘጋል።

እኔ ወንድሜን የወሰድኩት አንድ ያገራችን መሪጌታ ዘንድ ነው። ወንድሜ በድፍረት «የኔታ፣ ሰው ያለ መጽሐፍ ክፉና ደጉን መለየት ይችላል?» አላቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ሳቁ። «አቤል መጽሐፍ ነበረው እንዴ?» አሉት።

ከዚያ በልጅነታችን ሰምተነው የረሳነውን አነሱልን። ቤተ ክርስቲያናችን ዘመኑን ስትከፍል ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል ትላለች። ከአዳም እስከ ሙሴ የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ሰው በልቡናው ሕግ ነበር የሚዳኘው። ቃየን ወንድሙን ሲገድል አትግደል የሚል ጽላት አልነበረም፣ ግን ጥፋተኛ ነው። ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕጉን ሥራ በልባቸው ተጽፎ ያሳያሉ ብሏል። ስለዚህ «መጽሐፍ ሳላነብ ደጉን አውቃለሁ» የሚል ልጅ መናፍቅ አይደለም፣ ሳያውቀው የጥንት ትምህርት እየደገመ ነው።

ግን መሪጌታው እዚያ አላቆሙም። «ሕገ ልቡና ከነበረ ኦሪት ለምን አስፈለገ?» ብለው ጠየቁት። ወንድሜ ዝም አለ። «ስለሚደበዝዝ ነው» አሉ። «ሰው ልቡናውን ለራሱ ሲል ያደበዝዘዋል። የራሱ ወሰን ሲገፋ ቶሎ ይታወቀዋል፤ እሱ የሰው ሲገፋ ግን ድንጋዩ ራሱ የሄደ ይመስለዋል።» ለዚህ ነው ከውጭ የሚያነቡት ነገር የሚያስፈልገው አሉ። ወንድሜ መቶ በመቶ አልተስማማም። ለሶቅራጥስ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ግን እኔ አልሰማሁም።

ርካሽ ማስረጃ አታንሳ

ይሄን ካልተጠነቀቃችሁበት ውይይቱ እዚህ ይሰበራል። አንተ ስለ ደርግ ታነሳለህ፣ እሱ ስለ ባርነት ያነሳል፣ ከዚያ ሙታን ትቆጥራላችሁ።

አንተ የምትለው ውሸት አይደለም። ፈጣሪ የለም የሚለውን ትምህርት ይዞ የመጣው ደርግ የደብረ ኤልያሱን ልጅ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፣ በ1971 ዓ.ም. በስውር ገደላቸው። የቀይ ሽብሩን ማንም አይረሳውም። ግን እሱም የሚለው አለው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ባሪያ ሲናገር ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ ነው ብሎ ይጀምርና ጦርነት አንዱን ለሌላው ባሪያ ያደርገዋል ብሎ ይቀጥላል፤ ባርነት እዚህ አገር ሙሉ በሙሉ በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ባሪያ የነበራቸው ሰዎች ይጾሙ፣ ይቆርቡ ነበር። ሸክላ የምትሠራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ ነው» ብለን ያገለልነው እኛ ነን፣ ያውም እንስራውንና ማረሻውን ከእጃቸው እየተቀበልን። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊድ ሲቃጠልና ሱቅ ሲዘረፍም እሳቱን የለኮሰው ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው አልነበረም።

እንዲህ ስታየው ሁለቱም ወገን እጁ ላይ ደም አለበት። ከዚህ ቆጠራ ምንም አታተርፉም። ይልቅ አንድ ሌላ ነገር ጠይቁ፤ በዚያ ጊዜ «ይሄ ልክ አይደለም» ያለው ማን ነበር፣ ምን ይዞስ ነው ያለው? አንዳንዱ መጽሐፉን ይዞ ነው፣ አንዳንዱ ሳይዝ ነው። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው እየጠራችሁ አትስደቡ ብለው ሲያውጁ እንደ ክርስቲያን ንጉሥ ነው የተናገሩት፤ ይሰድብ የነበረውም ሕዝባቸው ክርስቲያን ነው።

አውራ አምባንም ሊያነሳብህ ይችላል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ያለች ናት፣ ከባሕር ዳር ጧት ወጥቶ ማታ ለመመለስ ትመቻለች። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም፣ ሴትና ወንድ ሥራ አይለዩም፣ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አለ። ሲያነሳብህ አትደንግጥ፣ «እንዲያውም አብረን እንሂድ» በለው። ሄዳችሁ ስትጠይቁ ግን በፈጣሪ እንደሚያምኑ ይነግሯችኋል። ስለዚህ ያለ ቤተ መቅደስ በምግባር መኖር እንደሚቻል ያሳያሉ፣ ፈጣሪ አያስፈልግም የሚለውን ግን አያሳዩም። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ዝም ብለው ደግ ሆነው አልተቀመጡም። የሥራ ደንብ አላቸው፣ ስብሰባ አላቸው፣ የተጣላ የሚታረቅበት መንገድ አላቸው።

«ጥሩ ሰው ነኝ» የሚለውን ቀን ስጠው

አሁን የቀረው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፣ ተራውም የልጁ ነው። እስካሁን ያደመጥከው ለዚህ ነው።

በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ላይ የተደረገ ዝነኛ ሙከራ አለ። ዳርሊና ባትሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው የሠሩት፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። አርባ የካህንነት ተማሪዎችን ሌላ ሕንፃ ሄዳችሁ ንግግር አድርጉ አሏቸው። ግማሾቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነው። መንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ላይ ተኮራምቶ ያቃስታል። የማይቸኩሉ ከነበሩት ውስጥ 63 በመቶው ረዱት። ዘግይታችኋል የተባሉት ግን 10 በመቶ ብቻ ናቸው የቆሙት። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብኩ መሄዳቸው ያመጣው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልነበረም።

ይሄን ስነግረው ወንድሜ ደስ አለው። «አየህ፣ ሃይማኖት አልጠቀማቸውም» አለ። እኔም «አንተንስ ምን ያስቆምሃል?» አልኩት። ምክንያቱም እሱም እንደነሱ ነው የሚቸኩለው። ፈተና አለው፣ ታክሲ አለው፣ ስልክ አለው።

እናቴን ምን እንደሚያስቆማት ግን አውቃለሁ። በወር አንዴ ማኅበር አለባት። ሰንበቴ አለባት። እድር አለባት፣ ሰው ሲሞት ካልሄደች ትቀጣለች። በፍልሰታ ጎረቤቷን የተጣላች እንደሆነ ንስሐ አባቷ «ሳትታረቂ አትቆርቢም» ይሏታል። ጥሩ ሴት ስለሆነች ብቻ አይደለም የታመመ የምትጠይቀው፤ ቀን ስላለው ነው፣ የሚጠይቃት ሰው ስላለ ነው። እነዚህ ሁሉ ስሜቷ ባይነሳሳም እግሯን ያስነሷታል። ወንድሜ ይሄን ሁሉ ትቶ ሲወጣ በምትኩ ምን ያዘ? ከዚህ ጥያቄ አታስመልጠው። ግን ጥያቄው ወጥመድ እንዳይሆን፤ መልስ ካለው ተቀበለው።

እንዲህ በለው። ካሁን በኋላ «ጥሩ ሰው ነኝ» ስትለኝ ሦስት ነገር ንገረኝ። በሳምንት የትኛውን ቀን ነው ለሰው የምትሰጠው? ከኪስህ ስንት ነው፣ ለማን? ስትበድል «በድለሃል» የሚልህ፣ አንተም የምትሰማው ሰው ማን ነው? ወንድሜ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ነገር ፈጠረ፤ ዶርሙ ውስጥ ማየት የተሳነው ልጅ አለ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ መጽሐፍ ያነብለታል። ብሩ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ሦስተኛው ላይ ቆመ። እስከ ዛሬም እዚያ ነው ያለው ይመስለኛል። እኔ ነኝ እንዳልለው ሰባት ወር ተኳርፈናል።

ያው ጥያቄ ደግሞ ወዳንተ ይመለሳል፣ ተዘጋጅ። ወንድሜ «አንተስ? በጾም ምሳ የማትበላበትን ብር ማን ይበላዋል?» ብሎኛል። ኢሳይያስ 58 ላይ የተመረጠው ጾም ለተራበ እንጀራ መቁረስ፣ ቤት የሌለውን ማስገባት ነው ይላል፣ ልጁ መጽሐፉን ከኔ በላይ ያውቀዋል። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ በዐቢይ ጾም የምሳ ብሬን በቆርቆሮ አስቀምጣለሁ። ሁሌ አይሳካልኝም፣ አንዳንዴ ለሞባይል ካርድ አወጣዋለሁ።

የማይደረጉ

ክፍያውን፣ የኪስ ብሩን አትቁረጥበት። ስለ ምግባር እያወራህ ርሃብን መሣሪያ ካደረግህ ክርክሩን እዚያው አበላሸኸው።

በግድ አታስቆርበው፣ በግድ ጠበል አትውሰደው። ቁርባን ንስሐ ይፈልጋል፣ ንስሐ ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል። ይሄን እኔ ሳልሆን ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ናት የምትለው።

በግዝትና በመሐላ አታስፈራራው። በኛ አገር የወሰን ክርክር ላይ ሽማግሌ ሲያቅተው ቄስ ይገዝታል፣ አንዳንዴ እውነቱ ይወጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ የማይፈራው ሰው መሬቱን ይዞ ይሄዳል። ፍርሃት የሚሠራው በሚፈራ ሰው ላይ ብቻ ነው። ትንንሾቹ ላይም ብትቀንሰው ይሻላል። የራሴን ልጅ ስኳር ሰርቆ «እመቤታችን ታይሃለች» ብየው «ስትተኛስ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ «ለእንግዳ የቀረ ስኳር የለም፣ እናትህ አፈረች» እለዋለሁ። ይሄኛው ይሻላል፣ እናቱን ስለሚያውቃት።

ለጎረቤት አታውራ። ይሄ ከሁሉ ይብሳል። «የእገሌ ልጅ ካደ» የሚል ወሬ ከቢቸና ደብረ ወርቅ ለመድረስ የገበያ ቀን አይጠብቅም።

ለልጁ

አንተም ወንድሜ ሆይ፣ ድርሻ አለብህ። ቅዳሜ ሹር ቀን አትናገረው፣ ሌላ 364 ቀን አለ። እናትህ ቤት የጾም ምግብ ብላ፣ ብትፈልግ ዩኒቨርሲቲ ስትመለስ እንቁላልህን ትበላለህ። መስቀል ልትሳለም ባትፈልግ እጅ ንሳ። ያልገባህን «ተረት» አትበለው፤ ስለ ሕገ ልቡና ሳትሰማ ነው ካህን የምትንቀው። ደግሞ እናትህ ስለ ሲኦል ስታወራ የምትፈራው ምን እንደሆነ ጠይቃት። የእኔ እናት ስትጠየቅ «በወዲያኛው ዓለም እንዳንለያይ» ነው ያለችው። ወንድሜ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረውም።

ባለፈው ፋሲካ ወንድሜ ዓርብ ገባ። ማንም ምንም አላለውም፣ አጎቴንም አስቀድሜ ለምኜዋለሁ። ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እናቴ ልትወጣ ስትል መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ዝናብም ጥሎ መንገዱ ጭቃ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ባትሪውን አንስቶ ተከተላት። ውስጥ አልገባም፤ ከቅጥሩ ዛፍ ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጦ ሲጠብቃት አደረ። ጠዋት ዶሮው ሲቀርብ አጎቴ አላስቻለውም፣ «ተመለስክ እንዴ?» አለው።

«አይ፣ መንገዱ ጨለማ ስለሆነ ነው» አለ።

«ነጠላውንስ?»

«ብርድ ነበር» አለ፣ እናቴም እንጀራ ጨመረችለት።